የወንዝን ኩርባ ስለ ማቃናትና በወንዙ ወለል ላይ ስለሚያስከትለው ለውጥ

ለነጋዴ አጭር መንገድ ትርፍ ነው። ከአንድ ገበያ ወደ ሌላው የሚወስደው መንገድ ዐሥር ኪሎ ሜትር ቢያጥር፣ የነዳጁ፣ የጎማውና የጊዜው ወጪ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ በካርታ ላይ እንደ እባብ የሚጠማዘዝ ወንዝ የተመለከተ ሰው «ይህን ኩርባ አንገቱ ላይ ቆርጦ ውሃውን በቀጥታ ቢያሳልፉት ምን ጉዳት አለው?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያስነቅፍ አይደለም። መሬት ይገኛል፤ ጎርፍ ቶሎ ያልፋል፤ መርከብ በሚመላለስበትም አገር ጉዞው ያጥራል። ይህ አሳብ ከሁለት መቶ ዓመት ወዲህ በብዙ አገር በሥራ ላይ ውሎ የታየ ነው።

ነገር ግን መንገድና ወንዝ በአንድ ዋና ነገር ይለያያሉ። መንገድ በላዩ የሚያልፈውን ጭነት ችሎ ባለበት ይቀመጣል እንጂ ራሱ አይጓዝም። ወንዝ ግን ከውሃው ጋራ አፈር፣ አሸዋና ጠጠር ተሸክሞ የሚሄድ ነው፤ የሚሄድበትም ወለል የተሠራው ከዚያው ከሚሸከመው ነገር ነው። ስለዚህ የወንዝን መንገድ ያሳጠረ ሰው የወንዙን ጭነትና የወንዙን ወለል አብሮ ለወጠ ማለት ነው። የለውጡ ዋጋ የሚጠየቀው ደግሞ ኩርባውን የቆረጠው ሰው ብቻ አይደለም፤ ከእርሱ በላይና ከእርሱ በታች ያለው ባለ ድልድይ፣ ባለ እርሻ፣ ባለ ፋብሪካ ሁሉ ነው። ለንግድ ማኅበረሰባችን ይህን ጉዳይ ማቅረብ ያስፈለገውም በዚህ ምክንያት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

ኩርባው የሚሠራው ሥራ

በመጀመሪያ በኩርባ ውስጥ ምን እንደሚደረግ እንመልከት። በሚፈጥን መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው መንገዱ ሲታጠፍ ወደ ውጭው በኩል እንደሚያጋድል ሁሉ፣ ወደ ኩርባ የገባ ውሃም ወደ ውጭው ዳር ይገፋል። በዚያ ዳር የውሃው ፊት ጥቂት ከፍ ይላል፤ ከፍ ያለውም ውሃ በዳሩ ሥር ወደ ታች ሰምጦ በወለሉ ላይ ወደ ውስጠኛው ዳር ይመለሳል። ስለዚህ ውሃው ወደ ፊት ብቻ ሳይሆን እንደ ብሎን ጥርስ እየዞረ ይጓዛል። በወለሉ ላይ የሚመለሰው ውሃ አሸዋና ጠጠር እየጠረገ በውስጠኛው ዳር ያራግፈዋል። የውጭው ዳር እየተሸረሸረ ገደል ይሆናል፤ ከገደሉም ሥር ጥልቅ ኩሬ ይፈጠራል። በውስጠኛው ዳር ደግሞ የአሸዋ ደልዳላ ይረጋል። ውሃው ከአንዱ ኩርባ ወጥቶ ወደ ሚቀጥለው በሚሻገርበት መካከል ወለሉ ከፍ ይላል፤ ጥልቀቱም ያንሳል። ሰውና ከብት የሚሻገሩበት መልካ ብዙውን ጊዜ ይኸው ስፍራ ነው።

እንግዲህ የኩርባማ ወንዝ ወለል ጥልቁና መልካው፣ ገደሉና ደልዳላው እየተፈራረቁ የሚሄዱበት ነው። ኩርባው ሲቆረጥ ይህ ሥርዐት ይፈርሳል። የበለጠው ነገር ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው የቁልቁለቱ ጉዳይ ነው፤ እርሱንም በቁጥር ማየት ይሻላል።

አንድ ወንዝ ከአንድ ስፍራ እስከ ሌላው 6 ሜትር ይወርዳል እንበል። በኩርባዎቹ እየዞረ የሚጓዘው 12 ኪሎ ሜትር ከሆነ፣ በየኪሎ ሜትሩ የሚወርደው ግማሽ ሜትር ነው። ኩርባዎቹ ተቆርጠው ጉዞው 6 ኪሎ ሜትር ቢሆን ግን፣ የመነሻውና የመድረሻው ከፍታ እንዳለ ስለ ሆነ፣ በየኪሎ ሜትሩ የሚወርደው 1 ሜትር ይሆናል። ርዝመቱን በግማሽ የቀነሰ ሰው ሳያስበው ቁልቁለቱን እጥፍ አደረገው።

ውሃ ወለሉን የሚጎትትበት ኀይል የሚለካው በውሃው ጥልቀትና በቁልቁለቱ ነው። በምሳሌአችን ያለው ወንዝ 2 ሜትር ጥልቀት ቢኖረው፣ በቀድሞው ቁልቁለት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ወለል ላይ የሚያርፈው ጉተታ የ1 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ነው። ቁልቁለቱ እጥፍ ሲሆን ውሃው ስለሚፈጥን ጥልቀቱ ጥቂት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ጉተታው እጥፍ አይሆንም፤ ነገር ግን ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ ይደርሳል። የውሃውም ፍጥነት በአንድ አራተኛ ያህል ይጨምራል። አንድ አራተኛ ትንሽ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ የወንዝ አሸዋ የመሸከም ዐቅም ከፍጥነቱ ጋራ እኩል አያድግም፤ እጅግ ቀድሞት ይሄዳል። ለአሸዋማ ወንዝ መሐንዲሶች በሚጠቀሙበት በታወቀ ስሌት መሠረት፣ በፍጥነት ላይ የተጨመረችው ያች አንድ አራተኛ የሚጓዘውን አሸዋ ሦስት እጥፍ ያህል ታደርገዋለች።

ወንዙ ይህን ሁሉ አሸዋ ከየት ያመጣዋል? ከላይ የሚደርሰው ደለል እንደ ቀድሞው ነው፤ አልጨመረም። ስለዚህ የጎደለውን ከገዛ ወለሉ ይቆፍራል። ቁፋሮው የሚጀምረው ኩርባው ከተቆረጠበት ከላይኛው ጫፍ ነው። በዚያ ወለሉ እንደ ደረጃ ይቆረጣል፤ ደረጃውም እየፈረሰ ወደ ላይ፣ ወደ ወንዙ መምጫ ይጓዛል። ውሃው ወደ ታች እየሄደ ጉዳቱ ወደ ላይ መውጣቱ ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ነው። ነገር ግን ከቁርጡ ብዙ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የቆመ የድልድይ መሠረት አንድ ክረምት አልፎ መስከረም ሲጠባ ተራቁቶ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ቁፋሮው እስከ ምን ድረስ ይቀጥላል? በምሳሌአችን ወንዙ የለመደው ቁልቁለት በየኪሎ ሜትሩ ግማሽ ሜትር ነበረ። አዲሱ መንገድ 6 ኪሎ ሜትር ስለ ሆነ በዚያ ልማድ መሠረት የሚያስፈልገው ውረድ 3 ሜትር ብቻ ነው። ሌላው 3 ሜትር ተርፎአል። ወንዙ ትርፉን የሚጨርሰው ከቁርጡ በላይ ያለውን ወለል እስከ 3 ሜትር ድረስ ዝቅ በማድረግ ነው፤ በመካከሉ ጽኑ ድንጋይ ካላገደው ወይም ሰው የድንጋይ ደረጃ ሠርቶ ካልያዘው በቀር እስከዚያ አይተወውም። ዋናው ወንዝ ዝቅ ሲል ወደ እርሱ የሚገቡት ገባሮች አፋቸው ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ እነርሱም በተራቸው ወደ ኋላ መቆፈር ይጀምራሉ። ወለሉ ሲጠልቅ ዳሩ ከፍታው ይበዛና ራሱን መሸከም ያቅተዋል፤ ይናዳል። ወንዙ በመጀመሪያ ጠለቀ፣ ቀጥሎም ሰፋ ማለት ነው።

የተቆፈረው አሸዋና የተናደው አፈር ጠፍቶ አይቀርም። ከቀናው ክፍል አልፎ ቁልቁለቱ እንደ ቀድሞው ወደ ሆነበት ወደ ታችኛው ክፍል ሲደርስ፣ ውሃው ሊሸከመው ስለማይችል እዚያው ያራግፈዋል። በዚያ ወለሉ ከፍ ይላል፤ የወንዙ አፍ ይጠባል፤ ቀድሞ በዳሩ ተወስኖ ያልፍ የነበረው ውሃ ወደ ማሳ ይወጣል። በፎገራ ሜዳ በርብና በጉማራ ዳር የሚያርሱ ወገኖቻችን ደለል ወለሉን ሲያሳድግ ወንዝ ምን እንደሚያደርግ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከማሳቸው የሚያውቁት ነው፤ በዚያ ያለው ደለል ግን ምንጩ በአመዛኙ የተራቆተው ደጋ ስለ ሆነ ነገሩን ከኩርባ መቆረጥ ጋራ ማምታታት አይገባም።

ይህን ሁሉ አሜሪካዊው መሐንዲስ ኤመሪ ሌን በ1955 በአንድ ሚዛን መስሎ አስቀምጦታል። በአንዱ ዝርግ ላይ የደለሉ ብዛትና የእህሉ፣ ማለት የአሸዋው ወይም የጠጠሩ ውፍረት ተቀምጧል፤ በሌላው ዝርግ ላይ የውሃው ብዛትና ቁልቁለቱ። ከአራቱ አንዱ በተነካ ጊዜ ሌሎቹ እስኪስተካከሉ ድረስ ወንዙ ወይ ይቆፍራል፣ ወይ ያራግፋል። በሚዛን ለሚነግድ ሰው ከዚህ የቀለለ ማስረጃ የሚገኝ አይመስለንም።

አንድ ትንሽ ወንዝና ድልድዮቹ

ስሌቱ በእውነተኛ ወንዝ ላይ ሲፈጸም ለማየት በአሜሪካ በሚዙሪ ግዛት ያለው ብላክዋተር የሚባለው ወንዝ የታወቀ ምሳሌ ነው። ይህ ወንዝ ትልቅ አይደለም፤ በዳሩም የእርሻ መሬት አለ። ማሳውን ከጎርፍ ለማዳን ሲባል በ1910 ገደማ ኩርባዎቹን ትቶ የሚሄድ ቀጥ ያለ ቦይ ተቆፈረለት። የቀድሞው መንገዱ 53.6 ኪሎ ሜትር ነበረ፤ አዲሱ 29 ኪሎ ሜትር ሆነ። ቁልቁለቱ በየኪሎ ሜትሩ 1.67 ሜትር የነበረው 3.1 ሜትር ሆነ።

በ1971 የወጣ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ ሲቆፈር 38 ካሬ ሜትር የነበረው የቦዩ አፍ፣ ስድሳ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ባነሰበት ስፍራ 160፣ በበዛበት ስፍራ 484 ካሬ ሜትር ደረሰ። ሰው አንድ ጊዜ ቆፈረ፤ ወንዙ ከዐሥራ ሁለት እጥፍ በላይ ጨመረበት። የተወሰደው ሁሉ የእርሻ መሬት ነው፤ ያውም ቦዩ የተቆፈረው እርሱኑ ለማዳን ነበረ። በቦዩ ላይ የተሠሩት ድልድዮች ዳሩ እየራቃቸው ስለ ሄደ እንዲረዝሙ ወይም በሌላ እንዲተኩ ግድ ሆነ። የቀናው ቦይ በሚያበቃበት በታችኛው በኩል ደግሞ የቀድሞው ጠባብ ወንዝ እንዳለ ስለ ነበረ፣ ከላይ በፍጥነት የሚመጣው ውሃና ደለል በዚያ ባለው ማሳ ላይ ተደፋ። እንግዲህ በመካከለኛው ክፍል ያለው ገበሬ ከጎርፍ ሲያርፍ በታች ያለው ገበሬ ጎርፉን ተቀበለለት።

በዚያው አገር ባለው በታላቁ ሚሲሲፒ ላይም የአሜሪካ ጦር ሠራዊት መሐንዲሶች በ1930ዎቹ ዓመታት ከዐሥር በላይ ኩርባዎችን ቆርጠው ወንዙን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ አሳጥረውታል። የጎርፉ ከፍታ በብዙ ስፍራ መቀነሱ አልተካደም። ነገር ግን ወንዙ የተወሰደበትን ርዝመት ለመመለስ ዳሩን እየበላ አዲስ ኩርባ መሥራት ስለ ጀመረ፣ ዳሩን በኮንክሪት ምንጣፍ የመሸፈኑ ሥራ ከዚያ ወዲህ የማይቋረጥ ሥራ ሆኖ ቀርቷል።

በወንዝ ዳር ድልድይ የሚያሠራ፣ የውሃ መሳቢያ ሞተር የሚተክል ወይም መጋዘን የሚያቆም ነጋዴ ከዚህ የሚያገኘው የሥራ እውቀት አለ። ኩርባ ባለበት ባልተነካ ወንዝ የሚናደው የውጭው ዳር ብቻ ነው። ሁለቱም ዳር በአንድነት የሚናድ ከሆነ፣ የገባሮቹም አፍ ከዋናው ወንዝ በላይ ተንጠልጥሎ ከታየ፣ ሽማግሌዎች የሚያውቁት መልካ ጠልቆ ከጠፋ፣ ወለሉ እየወረደ ነው ማለት ነው። መንስኤውም ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከስፍራው በታች ነው፤ ኩርባ ተቆርጦ ወይም አሸዋ በብዛት ወጥቶ ይሆናል። የሞተሩ ቱቦ ዘንድሮ ውሃውን ቢደርስበት ከጥቂት ዓመት በኋላ በአየር ላይ ሊቀር ይችላል። ሥራ ተቋራጭም ለድልድይ እንዲመቸው ወንዙን አቃንቶ ለማሳለፍ ቢገደድ፣ የተረፈውን ውረድ የሚይዝ የድንጋይ ደረጃ በቁርጡ ላይኛ ጫፍ ላይ ይሥራ፤ ዋጋውንም ገና በውሉ ያስገባ። በውል ያልገባ ደረጃ የሚሠራው ድልድዩ ከተሰነጠቀ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም ማን እንደሚከፍል ሲያከራክር ዓመታት ያልፋሉ።

የራይን ወንዝ

ኩርባን ስለ ማቃናት ከተነገረው ሁሉ ረዥሙና ለንግድ ሰው ብዙ የሚያስተምረው የራይን ታሪክ ነው። ራይን ከስዊስ ከተማ ከባዝል ወጥቶ ወደ ሰሜን ሲወርድ በአንድ ወገን ፈረንሳይን በሌላው ወገን ጀርመንን እያዋሰነ ይሄዳል። በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መባቻ ላይ በዚህ ሜዳ ላይ የነበረው ወንዝ ዛሬ ከሚታየው ጋራ አይመሳሰልም ነበር። በላይኛው ክፍል ውሃው በጠጠር ሜዳ ላይ በብዙ ቅርንጫፍ ተከፋፍሎ በደሴቶች መካከል ይሄድ ነበር። በታችኛው ክፍል ደግሞ ትላልቅ ኩርባዎችን እየሠራ ይጠማዘዝ ነበር። ጎርፉ መንደሮችን ያፈናቅላል፤ ረግረጉ ወባን ያራባል፤ ወንዙም መንገዱን በለወጠ ቁጥር የአገር ድንበር ይናወጣል።

የባደን መንግሥት መሐንዲስ የነበረው ዮሐን ጎትፍሪድ ቱላ ወንዙ አንድ ቦይ ብቻ ይበቃዋል ብሎ ተነሣ። የሥራው ዘዴ ብልህ ነበረ ማለት ይቻላል። በኩርባው አንገት ላይ ሃያ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጠባብ መሪ ቦይ ብቻ ያስቆፍራል፤ ቁልቁለቱ ስለ በዛ ውሃው በራሱ ኀይል ያሰፋዋል፤ አሮጌው ኩርባም ቀስ በቀስ በደለል ይደፈናል። በዚህ ዐይነት ለቁፋሮው አብዛኛውን ጉልበት የሰጠው ወንዙ ራሱ ነበረ። አፈሩ ለስላሳ በሆነበት ቁርጡ በጥቂት ዓመት ተከፈተ፤ ጽኑ ሸክላ በገጠመበት ግን ዐሥርተ ዓመታት ጠየቀ።

ሥራው በ1817 ሲጀመር በካርልስሩኸ አጠገብ ያለችው የክኒሊንገን መንደር ሰዎች መሬታችን ከወንዙ ማዶ ይቀርብናል ብለው ስለ ተቃወሙ ወታደር ተልኮ ሥራው በጥበቃ እንዲካሄድ ሆነ። በታች ያሉት መንግሥታትም፣ ይልቁንም ፕሩስያ፣ ውሃው በአንድ ጊዜ ይወርድብናል ብለው ተቃውሞ አቀረቡ። ቱላ በ1828 በፓሪስ ዐረፈ፤ ሥራው ግን እስከ 1876 ድረስ ቀጠለ። በመጨረሻው ከባዝል እስከ ቮርምስ ያለው የወንዙ ርዝመት ከ354 ኪሎ ሜትር ወደ 273 ኪሎ ሜትር ወረደ። 81 ኪሎ ሜትር ወንዝ፣ ከ2,000 የሚበልጡም ደሴቶች ከካርታ ተሰረዙ።

ጥቅሙን መካድ ተገቢ አይደለም። መንደሮች ከመፈናቀል ዐረፉ፤ ሰፊ የእርሻ መሬት ተገኘ፤ ወባም ከዚያ አገር እየጠፋ ሄደ። ቱላ የተነሣበት ዋና ዓላማ ጎርፍን መከላከል፣ መሬት ማስገኘትና ድንበር ማጽናት እንጂ የመርከብ መንገድ ማበጀት እንዳልነበረም መታወቅ አለበት። የዚህ ዓላማ ሒሳብ በትርፍ የተዘጋ ነው ለማለት ይቻላል። በሌላው መዝገብ ላይ የተጻፈው ግን ቀስ ብሎ ነው የታየው።

ወለሉ መውረድ ጀመረ። ከባዝል በታች ባለው ክፍል፣ ወንዙ በአንድ ቀጥተኛ ቦይ ውስጥ ስለ ታሰረ፣ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 7 ሜትር ድረስ ወለሉን ቆፈረ። ወንዙ በወረደ መጠን ከእርሱ ጋራ የተያያዘው የከርሰ ምድር ውሃ አብሮ ወረደ። ቀድሞ ረግረግ የነበረው ዳር ደረቀ፤ የጉድጓድ ውሃ ራቀ፤ ውሃ የለመዱት ዛፎች ጠፍተው በስፍራቸው ደረቅ ቁጥቋጦ በቀለ። የወንዙን ጠጠር እያጠቡ ወርቅ የሚለቅሙ ሰዎች በዚያ ዳር ከጥንት ጀምሮ ይኖሩ ነበር፤ ወርቁ የሚገኘው ወንዙ በየጊዜው በሚያራግፈው አዲስ የጠጠር ደልዳላ ላይ ነበረና፣ ደልዳላው ሲቀር ሙያውም አብሮ ቀረ። ዓሣ አጥማጆችም እንደዚሁ። እነዚህ ሰዎች በዕቅዱ ሒሳብ ውስጥ የገቡ አይመስለንም።

ለንግድ የከፋው በኢስታይን የሆነው ነው። ወንዙ ወለሉን እየቆፈረ ሲወርድ ከባዝል ጥቂት ዝቅ ብሎ ከጠጠሩ ሥር ተቀብሮ የኖረ ድንጋይ ላይ ደረሰ። ድንጋዩ አልቆፈር አለ፤ ከእርሱ በታች ያለው ጠጠር ግን መወሰዱን ቀጠለ። ስለዚህ ቀድሞ ያልነበረ የድንጋይ ደፍ ውሃው በላዩ እየተጋፋ የሚወርድበት ሆኖ ብቅ አለ። በ1904 ከሰል የጫነ ጀልባ በእንፋሎት መርከብ እየተጎተተ እስከ ባዝል በደረሰ ጊዜ የስዊስ ነጋዴዎች የባሕር በር የተከፈተላቸው ያህል ተስፋ አደረጉ። ነገር ግን ያ የኢስታይን ደፍ በመንገዳቸው ላይ ነበረ። ውሃ ባነሰ ጊዜ መርከብ አያልፍም፤ በዛም ጊዜ ፍጥነቱ አያስጠጋም። ዕቃ በባቡር ለመላክ የማይፈልግ ነጋዴ ወራትን መርጦ መላክ ነበረበት።

ከዚያ ዝቅ ብሎ ባለው ክፍል የገጠመው ችግር ሌላ ዐይነት ነው፤ አስቀድመን ስለ ኩርባ ያልነውንም ያረጋግጣል። ቱላ የሠራው ቦይ ከ200 እስከ 250 ሜትር ስፋት ያለውና ዳሩ የቀና ነበር። ወንዙ ግን በቀናው ዳር መካከል ጠጠሩን አንድ ጊዜ በግራ፣ አንድ ጊዜ በቀኝ እየከመረ የገዛ ኩርባውን ሠራ። ጥልቁ ውሃ በክምሮቹ መካከል ይጠማዘዛል፤ ክምሮቹም ዳር ስላልያዛቸው በየዓመቱ ወደ ታች ይንሸራተታሉ። የተፈጥሮ ኩርባ ጥልቁና ደልዳላው ብዙ ጊዜ በታወቀ ስፍራ ስለሚገኙ መርከበኛ ያጠናቸዋል። በቀናው ቦይ ውስጥ ግን ባለፈው ዓመት የታለፈበት ጥልቅ ዘንድሮ ደልዳላ ሆኖ ይቆያል። ከዚህ የተነሣ ለረዥም ዘመን የራይን ዋና ንግድ ማንሃይም ላይ ያበቃ ነበር፤ ከዚያ በላይ ያሉት ከተሞች ትልቅ መርከብ በአስተማማኝ ሁኔታ ለማየት አልታደሉም።

መድኀኒቱ የተጀመረው በ1907 ነው። ማክስ ሆንዘል የተባለው የባደን መሐንዲስ ባወጣው ዕቅድ መሠረት፣ ከሁለቱም ዳር ወደ ወንዙ መካከል የሚገቡ የድንጋይ ክንፎች እስከ ስትራስቡርግ ድረስ ተሠሩ። ክንፎቹ የተሠሩት ዝም ብሎ ቀጥታ እንዲሆኑ አይደለም። ጥልቁ ውሃ ለዘብ ያለ ኩርባ ይዞ እንዲሄድ ተደርገው ነው። ወንዙን ለማቃናት ስድሳ ዓመት ከተደከመ በኋላ፣ መርከብ እንዲያልፍበት በቀናው ውስጥ ኩርባ መልሶ መሥራት አስፈለገ።

በላይኛው ክፍል ያለው የኢስታይን ደፍ ግን በድንጋይ ክንፍ የሚድን አልሆነም። ፈረንሳይ በቬርሳይ ውል የወንዙን ውሃ የመጠቀም መብት አግኝታ ስለ ነበረ በጎኑ ታላቁን የአልዛስ ቦይ ቆፈረች። የመጀመሪያው ግድብ የመርከብ ማሳለፊያ በርና የኤሌክትሪክ ማመንጫ ጭምር ያለው ሆኖ በ1932 በኬምብስ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ መርከቦች የኢስታይንን ደፍ በጎን አልፈው ባዝል ይደርሳሉ፤ ባዝልም የስዊስ ዋና ወደብ ሆነች። ቦዩ እስከ 1959 ድረስ ወደ ታች ተራዘመ፤ ግድቦችም እርስ በርሳቸው እየተከታተሉ ተሠሩ። በ1970 ስትራስቡርግ፣ በ1974 ጋምብስሃይም፣ በ1977 ኢፈትስሃይም ደረሱ።

ግድቦቹ አንዱ ሌላውን የጠሩበት ምክንያት ኤሌክትሪክ ብቻ አይደለም። ግድብ ውሃውን ሲያሳልፍ ጠጠሩን ከኋላው ያስቀራል። ከግድቡ በታች የሚወርደው ውሃ እንግዲህ ባዶ እጁን ስለ ሆነ፣ በሌን ሚዛን እንዳየነው፣ የጎደለውን ጭነት ከግድቡ ሥር ካለው ወለል ይቆፍራል። ይህን ቁፋሮ ለማስቆም ከታች ሌላ ግድብ ይሠራል፤ ቁፋሮውም ከአዲሱ ግድብ በታች ይጀምራል። ይህ ክፍል የቱላ ጥፋት ነው ማለት ግፍ ይሆናል፤ ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ቁርጥ ያስነሣው ችግር ነው ግድቡን ያስፈለገው፣ ግድቡም ሁለተኛውን አመጣ።

ከኢፈትስሃይም በታች ሌላ ግድብ ለመሥራት ታስቦ፣ ሁለቱ መንግሥታትም ተዋውለውበት ነበረ። ኋላ ግን ሒሳቡ ተመረመረና ሌላ መንገድ ተመረጠ፤ ይኸውም ወንዙ የሚፈልገውን ጠጠር በሰው እጅ መስጠት ነው። ከ1978 ጀምሮ ሆዳቸው የሚከፈት ጀልባዎች ጠጠርና አሸዋ ጭነው ከኢፈትስሃይም ግድብ ጥቂት ዝቅ ብለው በወንዙ መካከል ያራግፋሉ። መጠኑ በአማካይ በዓመት 170,000 ሜትር ኩብ ገደማ ነው፤ 10 ሜትር ኩብ በሚጭን መኪና ቢመላለስ 17,000 ጭነት ማለት ነው። የጠጠሩ ውፍረት እንዲሁ አይመረጥም፤ እጅግ ከደቀቀ ወንዙ ወዲያው ጠርጎ ይወስደዋል፤ እጅግ ከወፈረ ደግሞ ከስፍራው አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ ከራሱ ከወንዙ ጠጠር ጋራ የሚቀራረብ ድብልቅ ይዘጋጃል። ባለሙያዎቹም ወለሉ ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱን በየጊዜው እየለኩ የሚቀጥለውን ዓመት ጭነት በዚያው ይወስናሉ፤ የተሰጠው ጠጠር ወደ ታች ስለሚጓዝም ጀልባዎቹ በተከታዩ ዓመት እንደገና ይጭናሉ።